በእጅ ሚያዝ ጌም ልግዛ ላላችሁ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ በእጅ ሚያዙ ጌሞች ስናወራ መስመሩ ተጨናንቆ ሰዓቱ አለቀብን፣ መልስ ሳያገኙ የቀሩት ደዋዮች ብር ሊያወጡ የተዘጋጁ ስለሆኑ እዚህ በፅሁፍ ልመልስላቸው።

ከአዳማ የደወለ ወንድማችን፦ «ስቲም ዴክ ኦሌድ ልገዛ አጠራቅሜያለሁ። ምጫወተው ኢኤ ኤፍሲ (ድሮ ፊፋ ሚባለው የኳስ ጌም) እና ጂቲኤ 5 ነው። እሱ ይሻለኛል ወይስ የኒንቴንዶው ስዊች?»

ወንድሜ ሳትገዛ መደወልህ በጣም ጥሩ ነው። ስቲም ዴክን፣ ማለትም በእጅ ሚያዘውን የኮምፒውተር ጌም ማጫወቻ፣ እኔ በጣም ነው ምወደው፣ ላንተ ግን አይሆንም። ሚሰራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው፣ አዲሶቹ ኤፍሲዎች ደግሞ አጭበርባሪ ሚይዝ ሶፍትዌር አብሯቸው ይነሳል፣ እሱ ሊኑክስ ላይ ስለማይሰራ ጌሙ ከነጭራሹ አይከፈትልህም። ጂቲኤ 5 ስቶሪው አሪፍ ይሄዳል፣ ኦንላይኑ ግን በሴፕቴምበር 2024 እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ስለተጨመረበት ዴክ ላይ ቆሟል። ስዊች ላይ ብትሄድ ኤፍሲ አለ ጂቲኤ 5 የለም። ሁለቱንም ካልክ ዊንዶውስ ያለው ነው ሚያስፈልግህ፣ ለምሳሌ የአሱሱ ሮግ አላይ። እሱንም ስትገዛ ባትሪውን እይ፣ በ2023 የወጣው 40 ዋት አወር (ባትሪው ሚይዘው ኃይል) ነው፣ በ2024 የመጣው አላይ ኤክስ ግን 80፣ ማለትም እጥፍ፣ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይሄ ከምንም በላይ ነው።

ከባህር ዳር የደወለች እህታችን፦ «ስዊች ኦሌድ 720 ብቻ ነው ይሉኛል፣ አይደበዝዝም?»

አይደበዝዝም የኔ እህት። 720 ሲባል (ከላይ እስከታች ያሉት የስክሪን ነጥቦች ናቸው) ትልቅ ቲቪ ነው ሚታሰበን፣ ስክሪኑ ግን 7 ኢንች ነው፣ ነጥቦቹ ተጠጋግተው አንድ ኢንች ላይ 210 ገደማ ይሆናሉ፣ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ቲቪ ላይ እኮ 51 አካባቢ ናቸው። የሌኖቮውን የመጀመሪያ «ሌጅን ጎ» እንይ፣ 8.8 ኢንች ሆኖ 2560 በ1600 ነው፣ ወረቀት ላይ ሁሉንም ያስንቃል፣ ግን ቺፑ ከባድ ጌም በዛ ልክ መግፋት ስለሚያቅተው ብዙ ሰው ወደ 1280 በ800 ዝቅ አድርጎ ነው ሚጫወተው። ልዩነቱን ምታዪው ጥቁሩ ላይ ነው። ኦሌድ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ነው ሚያወጣው፣ ጥቁር ሲሆን ይጠፋል፣ ማታ መብራት አጥፍተሽ ዋሻ ውስጥ ስትገቢ ጨለማው ጨለማ ነው፣ ከኋላው መብራት ባለው ኤልሲዲ ስክሪን ላይ ግን ግራጫ ነገር ይሆንብሻል። ስዊች 2 በ2025 ሲወጣ 7.9 ኢንች፣ 1080 እና 120 ኸርትዝ (በሰከንድ 120 ጊዜ ሚታደስ) ሆኖ መጣ፣ ግን ወደ ኤልሲዲ ተመልሷል። ማሪዮና ዜልዳ ከሆነ ምትጫወቺው፣ ማታ ማታም ከሆነ፣ እኔ ኦሌዱን ነው ምልሽ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ እናት፦ «አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ ስዊች ልልክለት ነው፣ የአሜሪካ ቻርጀር አያቃጥለውም?»

እትዬ አይስጉ፣ የራሱ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፣ ሶኬቱን ሚያቀያይር ትንሽ አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። ከቻሉ ፓወር ባንክም ይጨምሩለት፣ ባለ 20 ሺ ሚሊአምፕ አወሩ 74 ዋት አወር ነው፣ ከ100 ዋት አወር በታች ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ይገባል፣ ግን ሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ሚያዘው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ጌሙን በካርድ (ስዊቹ ላይ ሚሰካው ትንሽ የጌም ካርድ) ይግዙለት፣ የአሜሪካው ካርድ የትም አገር ስዊች ላይ ይሰራል፣ ልጁም በሞባይል ዳታ ብዙ ጊጋ ሲያወርድ አያድርም። ስዊች 2 ከሆነ ሚልኩለት የካርዱን ሳጥን ፊት ታች በኩል ያንብቡ፣ ጌም ኪ ካርድ ሚል ከሆነ ውስጡ ጌም የለም፣ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ተመልሶ ማውረድ ነው።

ከሃዋሳ የደወለ አድማጫችን፦ «አናሎጉን (በአውራ ጣት ሚገፋውን) ሳልነካው ሰውዬው ብቻውን ወደ ግራ ይሄዳል፣ ላፅዳው ወይስ ልቀይረው?»

ይሄ ጥያቄ በየቀኑ ነው ሚመጣልኝ። ብዙዎቹን አናሎጎች ከፍተህ ብታይ ውስጡ እንደ ቀለም የተቀባች ቀጭን ጥቁር የካርቦን መስመር አለች፣ ላይዋ ላይ ጥፍር ምታክል ብረት ትንሸራተታለች፣ ጣትህ በገፋ ቁጥር ብረቷ መስመሯን ትፍቃለች፣ ጥቁር ዱቄት ይቀራል። ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሮኒክስ ማፅጃ ስፕሬይ) ብትነፋበት ዱቄቱ ስለሚነሳ ይስተካከላል፣ ግን የተፋቀው መስመር አይመለስም፣ ቆይቶ ያው ነው። ስለዚ መጀመሪያ ሴቲንግ ገብተህ ካሊብሬት አድርገው (መሀሉን እንደገና አስይዘው)፣ ካልሆነ አፅዳው፣ ከተመለሰብህ ቀይረው፣ ስትቀይር ግን ሆል ኢፌክት በለው። እሱ በማግኔት ነው ሚያነበው፣ ሚፋቅ ነገር የለውም። ጉሊኪት ሚባለው ካምፓኒ ለጆይኮንም (ለስዊች መቆጣጠሪያ) ለስቲም ዴክም ይሰራል፣ ሌጅን ጎ ደግሞ ከፋብሪካው ነው ይዞት ሚወጣው። የስዊች 2 ጆይኮን ይሄ የለውም፣ አውቀህ ግዛ።

ቦሌም ሆነ መርካቶ ሰከንድ ሃንድ ምትገዙ ደግሞ ሻጩ ፊት የአናሎጉን መሞከሪያ ክፈቱ፣ አስር ጊዜ ዙሪያውን አዙራችሁ እጃችሁን ልቀቁት፣ ነጥቡ መሀል ላይ ቆሞ ሚቀር ከሆነ ደህና ነው፣ ሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን የመቀየሪያውን ዋጋ ከብሩ ላይ አስቀንሱ።