የቤት ባለቤቶች ማኅበር ለአባሉ ምን ግዴታ አለበት?

ጥያቄ፦ የሕንፃው ጣሪያ ለወራት ሲያፈስ ቆይቶ የመኝታ ክፍሌን ኮርኒስ አበላሽቶታል። ማኅበሩ «በጀት የለም» ብሎኛል። መዋጮ መክፈሌን ላቁም?

መልስ፦ አያቁሙ። መዋጮ ከአባልነት የሚመነጭ ግዴታ በመሆኑ፣ በብዙ አገሮች ያሉ ፍርድ ቤቶች «ማኅበሩ ሥራውን ስላልሠራ አልከፍልም» የሚለውን መከላከያ አይቀበሉም፤ ውዝፉ ሲጠራቀም ወለድና ቅጣት፣ አንዳንዴም ቤቱን በዕዳ መያዝ ይከተላል። ማኅበሩ ግን በዚህ ከተጠያቂነት አያመልጥም። መተዳደሪያ ደንቡን አውጥተው ጣሪያው በጋራ ንብረትነት መመደቡን ያረጋግጡ። ከተመደበ ጥገናው የማኅበሩ ሥራ ነው፤ የገንዘብ እጥረቱም ቦርዱ በወቅቱ መጠባበቂያ ባለመያዙ የመጣ ከሆነ ሸክሙን ወደ እርስዎ ሊያዞር አይገባም። ፍሳሹ የታየበትን ቀን የሚጠቅስ ማመልከቻ ከፎቶግራፍ ጋር ለቦርዱ ያስገቡ፣ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይም ተቀባዩን ያስፈርሙ። ማኅበሩ ጉዳቱን እያወቀ ዝም ማለቱን የሚያስረዳልዎ ይህ ወረቀት ነው፤ ደረጃ ላይ ቆመው ለሊቀ መንበሩ የነገሩት አቤቱታ ፍርድ ቤት ሲደርስ በቀላሉ ይካዳል።

ጥያቄ፦ ቦርዱ በራሴ ወጪ የውጭ መብራት እንዳልተክል ከልክሎኛል። በጨለማው ምክንያት ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ይጠየቃል?

መልስ፦ እንደየአገሩ ሕግ ማኅበሩ ሊጠየቅ ይችላል። በካሊፎርኒያ አንዲት ነዋሪ ቤቷ ከተሰረቀ በኋላ የተከለችው መብራት ደንብ ይጥሳል ተብሎ እንድታነሳው ታዘዘች፤ መብራቱን ባጠፋችበት ሌሊትም ጥቃት ደረሰባት። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 በሰጠው ውሳኔ፣ የጋራ ስፍራዎችን የሚቆጣጠር ማኅበር እንደ አከራይ ሁሉ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ እንዳለበትና የቦርድ አባላትም በግል ሊከሰሱ እንደሚችሉ በመግለጽ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። ውሳኔው ሌላ አገር ባይገዛም መሠረቱ ጠንካራ ይመስለኛል፤ አባሉ ራሱን እንዳይጠብቅ የከለከለ አካል ጥበቃውን ራሱ መረከብ አለበት። ስለዚህ የክልከላውን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ቀድሞ የተፈጸመ ስርቆት ካለም በደብዳቤዎ ይጥቀሱት።

ጥያቄ፦ የሂሳብ መዝገብና ቃለ ጉባኤ የማየት መብት አለኝ?

መልስ፦ በአብዛኛው አዎ፤ የሌሎች አባላት የግል ማኅደርና ማኅበሩ ከጠበቃው ጋር የሚጻጻፈው ግን ሊከለከል ይችላል። «ሁሉንም አሳዩኝ» ማለት ለማጓተት ሰበብ ስለሚሰጥ፣ የሚፈልጉትን ሰነድና ዘመኑን ለይተው ይጻፉ።