ውሃው ጠራ፤ ቀለሙስ የት ገባ?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

አዘጋጆቹ ስለ ቀለሞችና ስለ ናኖ ቅንጣቶች አጠቃላይ ገለጻ እንዳቀርብ ጠይቀውኛል። አቀርባለሁ፤ አስቀድሜ ግን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረውን ልናገር። በብርሃን የሚነቁ ናኖ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ያለን ቀለም ያፈርሱ እንደሆነ ስንፈትን «ውሃው ከጠራ ቀለሙ ጠፍቷል» ማለት ይብቃን!

ያንን የላቦራቶሪ ጉብኝት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። አንድ ወጣት ተመራማሪ ሁለት ብልቃጦች አሳየን፤ አንዱ ሜቲሊን ብሉ በተባለው ሰማያዊ ቀለም የጠቆረ፣ ሌላው ኩልል ያለ። አጨበጨብን። አንዲት አንጋፋ ባለሙያ ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙና «ዱቄቱን አምጣው እስቲ» አሉት። ዱቄቱን እያሽከረከረ ከውሃው ከሚለየው ከሴንትሪፊውጁ ቱቦ ግርጌ የወጣው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ቀለሙን በብርሃን ያፈርሳል የተባለው ያ በረዶ የመሰለ ዱቄት፣ ሰማያዊ ሆኗል። እሳቸውም አልተፋቱትም፤ አሲድ ጠብ ባለበት ውሃ እንዲያጥበው አዘዙት። ውሃው ዓይናችን እያየ ሰማያዊ ሆነ። ያን ቀን ዱቄቱን የሚያነቃው መብራት ፈጽሞ ባይበራም ውጤቱ ያው በሆነ ነበር።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንጽፍ ነው የምንረሳው። ሜቲሊን ብሉ በውሃ ውስጥ አዎንታዊ ሙል አለው። የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ገጽ ደግሞ የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ፒኤቹ፣ ከ6 አካባቢ ሲያልፍ አሉታዊ ይሆናል። ስለዚህ ይሳሳባሉ፤ ቀለሙ ይለጠፋል። ፒኤቹ ሲወርድ፣ ማለትም ውሃው አሲዳማ ሲሆን፣ ያው ገጽ ያንኑ ቀለም ይገፋዋል።

የተለጠፈው ይቅር። ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ ሜቲሊን ብሉ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ቀለም አልባ ይሆናል፤ አየር ሲነካው መልሶ ይሰማያል። እኛ ግን ቀለሙ ብርሃን አብዝቶ የሚመጥበት፣ በ664 ናኖ ሜትር ያለው የልኬት ጫፍ ስለወረደ ብቻ «ፈረሰ» ብለን እንፈርማለን! «አዞ» (azo) የሚባሉት ቀለሞችስ? ሁለቱን ናይትሮጅኖች ያያያዘው ትስስር ሲበጠስ ውሃው ይጠራል፤ የሚቀሩት አሮማቲክ አሚኖች የተባሉ ውህዶች ግን አንዳንዶቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። ቀለሙን አጥፍተን መርዙን ለሚጠጣው ሰው ትተን ስናበቃ «ውሃ አጣራን» የምንለው በምን አንደበታችን ነው?

«በሚታይ ብርሃን ይሠራል» ለምትሉም አንድ ቃል አለኝ። አናታዝ የተባለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት የሚነቃው ከ387 ናኖ ሜትር ገደማ በታች ባለ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን ነው። የሚታየውን ብርሃን የሚመጠው ቀለሙ ራሱ ሊሆን ይችላልና ፌኖል በተባለው ቀለም የሌለው ውህድ ደግማችሁ ፈትኑት።

ከእንግዲህ ለግምገማ በሚደርሰኝ ጽሑፍ ሁሉ ያለ መብራት የተሠራውን የጨለማውን ሙከራና በውሃው ውስጥ የቀረውን የኦርጋኒክ ቁስ የሚያሳየውን ጠቅላላ የኦርጋኒክ ካርቦን ልኬቱን እጠይቃለሁ። የሌለው ይመለሳል።

የወርቅ ቅንጣቶች አጠገባቸው ያለን ቀለም ፍካት ስለማዳከማቸው ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሰዓቱ አልቋል፤ ለሚፈልግ እልካለሁ። አመሰግናለሁ።