የክፍል ግሩፕ ውስጥ ደግነትን ማለማመድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ከ11 እስከ 14 ዓመት ስላሉ ልጆችና ስለ ክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግሩፑ የሚከፈተው የቤት ሥራ ለመጠያየቅ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሙድ መያዣ ይሆናል። የአንዱ ፎቶ ስቲከር ይሆንበታል፣ አንዷ ለጻፈችው ማንም አይመልስላትም፣ የተቀየመ ሲገኝ ደግሞ «ቀልዴን እኮ ነው» ይባላል።

እኛ አዋቂዎች ስልኩን እንቀማለን፣ ካልሆነም «ጨዋ ሁኑ» ብለን እንመክራለን። መቀማት ለፈተና ሰሞን ያሳርፍ ይሆናል፤ ስልኩ ሲመለስ ግን ልጁ የሚጽፈው ያንኑ ነው። ምክሩም አይያዝም፣ ጨዋ መልእክት ምን እንደሚመስል አላሳየነውማ! ስልክ ላይ ደግ መሆን እንደ እጅ ጽሕፈት ልምምድ የሚፈልግ ነገር ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

በአካል ሲሆን፣ የሚያሾፈው ልጅ የጓደኛው ፊት ሲለዋወጥ ያያል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ያቆማል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሱለር በፈረንጆቹ 2004 ሰዎች ፊት ለፊት የማይሉትን በኢንተርኔት ለምን እንደሚሉ ሲያብራራ፣ አለመተያየትን እና የመልሱን መዘግየት ከምክንያቶቹ መካከል ቆጥሯቸዋል። በዚህ ዕድሜ ላይ የእኩያ ዓይን ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ክፍሉ በሙሉ ያየው ስቲከር ማታ አብሮት ቤት ይገባል።

እሺ፣ ልምምዱ ምንድን ነው? በፈረንጆቹ 2012 የወጣ፣ ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ከ9 እስከ 11 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ለ4 ሳምንት፣ በየሳምንቱ 3 ደግ ነገር ለሰው እንዲያደርጉ ተደረገ፤ ሌሎቹ በሳምንት 3 ቦታ እንዲጎበኙ። ስሜታቸው በሁለቱም በኩል ተሻሻለ። ልዩነቱ የታየው ክፍል ውስጥ ነው፤ ደግ ነገር ሲያደርጉ ከቆዩት ጋር አብሮ መሥራት የሚፈልግ የክፍል ጓደኛ ይበልጥ ጨመረ። ጥናቱ ስለ ስልክ አልነበረም፣ እኔ ግን መጠኑን ከዚያ እወስደዋለሁ፤ በሳምንት 3 መልእክት፣ ለ4 ሳምንት።

መልእክቱ ውስጥ ሁለት ነገር ይኑር፤ ያ ልጅ ምን እንዳደረገ፣ እና ለእኔ ምን እንደጠቀመኝ። «አሪፍ ነህ» አይበቃም፣ ለማንም ይባላልና። «ዛሬ ሰሌዳው ላይ ያሳየኸው አካሄድ ገብቶኝ 4ኛውን ጥያቄ ቤት ራሴ ሠራሁት» ሲባል ግን ልጁ ያምነዋል፣ ነገም ይደግመዋል። መልክና ልብስ አይወደስ፤ ወዲያው ፉክክር ያመጣል። መልእክቱ የሚላከው በግል ነው። ግሩፑ ላይ ከተጻፈ፣ ያልተመሰገነው ልጅ ዝርዝሩን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል።

የሚበላሽበትም መንገድ ብዙ ነው። ልጆች ለቅርብ ጓደኛቸው ብቻ ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ከ3ቱ አንዱ እምብዛም ለማያወሩት ልጅ ይሁን። አንድ ዐረፍተ ነገር ገልብጠው ለሁሉም ይልካሉ። መምህሩ ማርክ ከሰጠበት ደግሞ አለቀለት፣ የቤት ሥራ ሆነ ማለት ነው። «ያሳፍረኛል» ለሚል ልጅ ሌላ መንገድ አለ፦ ለቀረ ተማሪ የዕለቱን ኖት ፎቶ አንስቶ መላክ። ይሄም ደግነት ነው፣ እንዲያውም ከቃሉ ይበልጥ የሚያስታውሱት ይሄንን ነው። ስልክ የሌለው ልጅ በወረቀት ወይም በቃል ያድርገው፤ ልምምዱ ስልክ ያላቸው ብቻ የሚገቡበት ክበብ እንዳይሆን።

ምስጋናም ይረዳል፣ በልክ ከተያዘ። በፈረንጆቹ 2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 221 የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን፣ በ11 ክፍሎች፣ ለ2 ሳምንት ተከታትሏል። በየቀኑ የሚያመሰግኑበትን እስከ 5 ነገር የጻፉት ልጆች ብሩህ ተስፋቸውና በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቤት ውስጥ 3 ነገር ይበቃል፤ ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ስልኩ ከተከፈተ ሌላ ነገር ይጎትታልና። «ጤና፣ ቤተሰብ» እያለ በየቀኑ ከደገመ «ዛሬ ማን ምን አደረገልህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከ2 ሳምንት በኋላ በሳምንት አንዴ አድርጉት፣ አለዚያ ይሰለቸዋል። እባካችሁ «ስንቱ የሚበላው አጥቶ አንተ…» የሚለውን አትጨምሩበት። ያ ወቀሳ ነው፣ ልጁም ደብተሩን ይጠላዋል።

ወደ ግሩፑ ልመለስ። አንድ አዋቂ አድሚን ይኑር፣ ከሱ ጋር በየወሩ የሚቀያየሩ ሁለት ተማሪዎች። በግሩፑ የፈቃድ ማስተካከያ ውስጥ አባላት ሌላ ሰው እንዳያስገቡ ዝጉ፤ ስቲከር መላክንም ዝጉ፣ የክፍል ልጅ ፎቶ በብዛት የሚቀለድበት በእሱ ነውና። በአንዱና በሚቀጥለው መልእክት መካከል የ30 ሰከንድ ወይም የ1 ደቂቃ ገደብ ማድረግ ይቻላል፤ ጠብ ሲነሳ ያቺ ደቂቃ ብዙ ታበርዳለች። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አድሚኑ መልእክት መላክን ይዝጋ። በየልጁ ስልክ ላይ ደግሞ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ፣ ወደ ግሩፕም የሚያውቃቸው ብቻ እንዲያስገቡት ይስተካከል።

የተናደደ ልጅ መልሱን መጀመሪያ ቴሌግራም ውስጥ ለራሱ በሚያስቀምጥበት ቦታ (Saved Messages) ይጻፈው፣ ድምፁን አውጥቶ ያንብበው፣ ከዚያ ይወስን። የተላከን መልእክት ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይቻላል፤ ስክሪንሻቱን ግን አያጠፋውም።

በሌላ ልጅ ሲቀለድ ያየ ተማሪ ግሩፑ ላይ ባይከራከር ይሻላል፣ ተመልካች ይጨምራል። ለተጎዳው በግል «አይቼዋለሁ፣ ልክ አይደለም። ነገ አብረን እንግባ?» ብሎ ይጻፍለት፤ ለሚያምነው አዋቂም ያሳይ። አዋቂው ደግሞ የተጎዳውን ልጅ ስልክ እንዳይቀማ አደራ! ከቀማው ልጁ ሁለተኛ አይነግረውም። ማስፈራሪያ፣ የገላ ፎቶ ወይም የገንዘብ ጥያቄ ከመጣ ግን በልጆች መካከል የሚፈታ ነገር አይደለም። ለሌላ ሳያስተላልፉ፣ መልእክቱንም ሳያጠፉ ወዲያው ለአዋቂ ይንገሩ፤ ከዚያ ላኪው ይታገድ።

ወላጆችም ብትሆኑ የልጃችሁን ፎቶ ወይም የፈተና ውጤት ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቋት። እምቢ ካለች ይቅር። ጓደኛዋን «ልለጥፈው?» ብላ መጠየቅን የምትማረው እናንተ ስትጠይቋት አይታ ነው።