«ለመደው» ስንል

አፊያ ናችሁ? ደሴ ውስጥ ካንሰር የታመመ ልትጠይቁ ገብታችሁ ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) አልሠራ ካለ፣ ቡናው ሳይቀዳ አንዱ «ሰውነቱ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል። ዛሬ ይቺን ቃል ላገላብጣት።

ሲጀመር፣ ለመደ ከተባለ የለመደው ዕጢው እንጂ ሰውነቱ አይደለም። ዕጢውም ቢሆን በአብዛኛው አልለመደም። የቃሉን የማሽላ ማሳ አስቡ፤ ወረዳውን ማለቴ ነው። ዝናቡ ቀድሞ ሲያቆም፣ ከተደባለቀው ዘር መሃል ድርቅ የሚችለው ብቻ ያፈራል። ያኔ ተምሮ አይደለም፤ ሲዘራም እዚያው ነበር።

1 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ዕጢ ወደ 1 ቢሊዮን ሴል ይይዛል። ሴል ሲከፈል የዘረ መል ቅጂ ይሳሳታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጠብታ ደም ሥር ሳይገባ መድኃኒቱን የሚችሉ ጥቂቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ኬሞው ከ1,000 ሴል 999ኙን ቢገድል እንኳ 1 ሚሊዮን ይተርፋል። ይህ ቅሪት በምርመራ ምስል ላይ ላይታይ ይችላል። ተመልሶ የሚያድገው የእነዚህ ዘር ነው።

እንዴት ተረፉ? እኔን በጣም የሚገርመኝ በ1976 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ጁሊያኖና ሊንግ የገለጹት ፒ-ግላይኮፕሮቲን ነው። የሴሉ ሽፋን ላይ ተሰክቶ፣ የሴሉን ጉልበት እያቃጠለ፣ የገባውን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ የሚተፋ ፓምፕ ነው። ክፋቱ አይመርጥም፤ ከኬሞ መድኃኒቶች ዶክሶሩቢሲንንም፣ ቪንክሪስቲንንም፣ ፓክሊታክሴልንም ያወጣል። ለዚህ ነው መድኃኒት ተቀይሮም አንዳንዴ ለውጥ የማይመጣው፤ አዲሱም የሚጠብቀው ያው ፓምፕ ነው። ታዲያ ፓምፑን ለምን አይዘጉትም? ተሞክሯል። ግን ጤነኛው አንጀት፣ ጉበትና ኩላሊትም መርዝ የሚያስወጡት በእሱ ስለሆነ፣ ሲዘጋ ኬሞው በሽተኛውን ይብስ ይጎዳል።

ሲስፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ሌላ ነው። እሱን ሴሉ ግሉታታዮን በሚባል የራሱ ንጥረ ነገር ያስረዋል፣ ወይም የተጎዳ ዲኤንኤውን (ዘረ መሉን) ቶሎ ይጠግናል።

«ለመደው» ግን ጨርሶ ውሸት አይደለችም። መድኃኒቱ ከነካቸው በኋላ ፓምፑን የሚያበዙ ሴሎች አሉ። መከፈል አቁመው የሚያደፍጡም አሉ፤ ብዙው ኬሞ የሚመታው በመከፈል ላይ ያለውን ነውና ያልፋቸዋል።

ብዙ ጊዜ የኬሞው ዙር በ21 ቀን የሚሆነው ደም የሚሠራው መቅኔ እንዲያገግም ነው። ቀኑ በዘገየ ቁጥር ግን የተረፈው ሴልም ያገግማል። ነጭ የደም ሴል ወርዶ ሐኪሙ ቢያራዝም አንድ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደክሞኛል ብሎ መቅረት ግን ሌላ። መንገድ ከተዘጋም ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ቀድማችሁ ደውሉ። መድኃኒት ተቀየረ ሲሏችሁ ደግሞ «አዲሱ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።