ከኋላ የሚገፋው ሰው፦ የአየርላንዳዊው ጆ ማካርቲ ጉዞ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የስፖርት ቤተሰቦች፤ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ወጣት የራግቢ ተጫዋች ነው። ጆ ማካርቲ ይባላል። ኳስ ይዞ ሜዳውን አቋርጦ ከሚሮጡት አይደለም። ሥራው ከሰው ጀርባ ስለሆነ የሱ ጉልበት የሚታየው ሌላ ሰው ነጥብ ሲያስቆጥር ነው። የመረጥነውም ለዚህ ነው።

ራግቢ ዩኒየን በ15 ሰው ይሰለፋል። ከ1 እስከ 8 ያሉት ፎርዋርዶች ታግለው ኳስ ያመጣሉ፤ ከ9 እስከ 15 ያሉት ደግሞ ይዘውት ይሮጣሉ። ማካርቲ ሎክ ነው፤ ማለትም ከፊት ረድፍ ጀርባ ሆኖ የሚገፋ ፎርዋርድ፤ ቦታው 4 ወይም 5 ቁጥር። ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፣ ክብደቱም ከ115 ኪሎ በላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ተወለደ፤ ያደገው ግን ደብሊን ነው። ብላክሮክ ኮሌጅ በሚባለው በራግቢ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ተማረ፤ ለትሪኒቲ ዩኒቨርሲቲ ክለብ ተጫወተ፤ ከዚያ ወደ ሌንስተር አደገ። አየርላንድ ውስጥ መንገዱ ይሄው ነው፦ የትምህርት ቤቶች ዋንጫ፣ የክፍለ ሀገር አካዳሚ፣ ከ20 ዓመት በታች ቡድን፣ ከዚያ ከአራቱ ክፍለ ሀገሮች የአንዱ ዋና ቡድን። አራቱ ሌንስተር፣ መንስተር፣ አልስተርና ኮናክት ናቸው።

በዚህ መንገድ ላይ ለፎርዋርድ ብቻ የተቀመጠ ገደል አለ። ከ19 ዓመት በታች በሆነ ጨዋታ ስክረም፣ ማለትም የሁለቱ ቡድን ፎርዋርዶች ተያይዘው ለኳስ የሚገፋፉበት ትግል፣ ከ1.5 ሜትር በላይ መግፋት ክልክል ነው። ሕጉ አንገትና አከርካሪን ለመጠበቅ የወጣ ትክክለኛ ሕግ ነው። ነገር ግን ወጣቱ ከአዋቂዎች ጋር የሚሰለፍበት ቀን ሲደርስ፣ ግፊቱ እንደማይቆም ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ትከሻ ይረዳዋል። ለዚህ ነው በእኛ እምነት የክለብ ጨዋታ ለሎክ ከጂም የሚበልጠው። ጂም ጡንቻ ይሰጣል፤ ከ30 ዓመት ሰው ጋር ጭቃ ላይ መግፋትን ግን አያስተምርም።

ስክረሙን ጠጋ ብለን እንየው። ዳኛው ሦስት ትእዛዝ ይሰጣል፦ ጎንበስ፣ ያዝ፣ ግጠም። ሁለቱ ሎኮች አስቀድመው እርስ በርስ ተያይዘዋል። ጭንቅላታቸውን በፊት ረድፍ መሃል ባለው ሁከርና በዳር ባለው ፕሮፕ ዳሌ መካከል ያስገባሉ። የውጭ እጃቸው በፕሮፑ እግሮች መካከል አልፎ የቁምጣውን ወገብ ይጨብጣል። ትከሻቸው የሚያርፈው ከመቀመጫው ሥር፣ ጭኑ በሚጀምርበት ላይ ነው። አንድ መዳፍ ያህል ከፍ ካለ የፕሮፑ ወገብ ይታጠፋል፣ ደረቱ ይወርዳል፣ ስክረሙም ይደረመሳል። ዳኛው የሚቀጣው ፕሮፑን ነው፤ ጥፋቱ ግን ከኋላው የመጣ ሊሆን ይችላል። ጉልበትም ቀድሞ መዘርጋት የለበትም፤ ኳሱ ሲገባ የሚዘረጋ ነገር ሊኖረው ይገባል። ሁለቱ ሎኮች እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ከዘገየ ቀንበሩ ያጋድላል፣ ስክረሙም ይዞራል።

ኳስ ከጎን ሲወጣ ደግሞ ላይንአውት ይመጣል። ሁለቱ ቡድኖች በመካከላቸው 1 ሜትር ትተው ይሰለፋሉ፣ ሁከሩ ይወረውራል፣ ሁለት ሰዎች አንዱን ወደ ላይ ያነሱታል። ከኋላ የሚያነሳው ከቁምጣው በታች፣ ከፊት ያለው ደግሞ ከጭኑ በታች ይዞ መጠበቅ አይፈቀድለትም። ዘላዮች ጭናቸው ላይ ስፖንጅ በፋሻ የሚጠቀልሉት የአንሺው እጅ እንዳይንሸራተት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰዓቱ ነው፦ አንዱ አንሺ ቀድሞ ካነሳ ዘላዩ አየር ላይ ይጋደላል፣ ኳሱም ያመልጠዋል። የተያዘው ኳስ ሳይወድቅ ፎርዋርዶቹ ተሰብስበው ከገፉ ሞል ይባላል።

አሁን ወደ ማካርቲ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ለሌንስተር ዋና ቡድን ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር፣ በ21 ዓመቱ፣ አየርላንድ አውስትራሊያን 13 ለ 10 ባሸነፈችበት ጨዋታ ተቀይሮ ገባ። በ2023 ለዓለም ዋንጫ ተመረጠ።

ስሙ የገነነው ግን እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 2024 ማርሴይ ላይ ነው። ስድስት የአውሮፓ ቡድኖች በየዓመቱ በሚገጥሙበት በስድስቱ አገሮች ውድድር የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር፤ ተጋጣሚዋ ፈረንሳይ፣ ያውም በሜዳዋ። አየርላንድ 38 ለ 17 አሸነፈች፤ የጨዋታው ኮከብም ማካርቲ ተባለ። ነጥቡን ቆጥራችሁ እዩት፦ አምስት ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት) 25፣ ከትራይ በኋላ የሚመታ አምስት ተጨማሪ ምት 10፣ አንድ የቅጣት ምት 3። ከአምስቱ ትራዮች ሁለቱ በሁከሮቹ በዳን ሺሀንና በሮናን ኬለሄር ስም ተመዘገቡ፤ ሁለቱም ከሞል የመጡ ናቸው። የሎክ ሥራ በሌላ ሰው ስም ይመዘገባል ያልነው ይህ ነው።

ከወዲያኛው ወገን የነበረውን ሎክም አንርሳ። ፈረንሳዊው ፖል ቪለምስ በ32ኛው ደቂቃ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። ሁለቱም ካርዶች ተጋጣሚን ጭንቅላቱ አካባቢ በመምታት የመጡ ናቸው። ይህ የረጃጅሞች ሁሉ ፈተና ነው። 2 ሜትር የሚሆን ሰው ከወገቡ ብቻ ጎንበስ ብሎ ከመጣ ትከሻው የሚያገኘው ጭንቅላትን ነው። መውረድ ያለበት ከጉልበቱ ነው፤ ሲደክም ደግሞ ቀድሞ እምቢ የሚለው ጉልበት ነው። ስለዚህ ወጣት ሎኮች ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ይዞ መጣል፣ የሚለማመዱት ትኩስ ሳሉ ብቻ መሆን የለበትም፤ ከሩጫ በኋላ ደክሟቸውም ሊለማመዱት ይገባል።

በ2025 ማካርቲ ለብሪቲሽና አይሪሽ ላየንስ ተመረጠ። ይህ ቡድን ከአየርላንድ፣ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከዌልስ የተውጣጣ ነው፤ በየአራት ዓመቱ ወደ ደቡብ ንፍቀ ክበብ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2025 ብሪዝበን ላይ አውስትራሊያን 27 ለ 19 ባሸነፈው ቡድን ውስጥ ከመጀመሪያው ተሰለፈ። እግሩን ታሞ ወጣ፤ የቀሩት ሁለት ግጥሚያዎችም አለፉት። ሕመሙ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር በተዘረጋው ወፍራም ጅማት ላይ ነበር። የስክረም ግፊት ሁሉ በመጨረሻ ወደ መሬት የሚወርደው በዚያው በኩል ነው። ይህ ጅማት አንዴ ከታመመ በጥድፊያ አይድንም፤ ጫናውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ መመለስ ያስፈልጋል። አየርላንዶች የዋና ተጫዋቾቻቸውን የጨዋታ ብዛት የሚቆጣጠሩትን ያህል ሌሎችም ቢቆጣጠሩ ብዙ እግርና ብዙ አንገት ይተርፍ ነበር።

በሚቀጥለው ጨዋታ ስክረም ሲገጥም ኳሱን ተዉትና የ4 እና የ5 ቁጥርን እግር እዩ። ኳሱ ሲገባ ተረከዛቸው መሬት ሳይነካ ሁለቱ እኩል ወደፊት ከተራመዱ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ 9 ቁጥሩ ኳሱን ያለ ችግር ሲያነሳ ታያላችሁ።

አመሰግናለሁ።