በር የሚከፍት ውል፣ በር የሚዘጋ ደብዳቤ

(በሞያሌ ከተማ የድንበር ንግድን አስመልክቶ በተካሄደ ምክክር ላይ ከነጋዴዎች ወገን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመንግሥት ተወካዮች፣ ከወዲያ ማዶ የመጣችሁ ኬንያውያን እንግዶቻችን፣ የሞያሌ ነጋዴዎች፣ የጭነት መኪና ባለንብረቶችና ሾፌሮች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «የጎረቤት አገሮች የኢኮኖሚ ኅብረት ጥቅምና ጉዳት» የሚል ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ስለጨረሱልኝ በጥቅሙ ላይ ብዙ አልደክምም። ደግሞስ ለሞያሌ ሰው ስለ ጎረቤት ጥቅም ይነገረዋል? ቦረናው፣ ገሪው፣ ገብራው፣ ቡርጂው ወዲህም አለ፣ ወዲያም አለ። ልጁን ማዶ ድሮ፣ ከብቱን ወዲህ አጠጥቶ፣ ጠዋት በብር ማታ በሽልንግ ሸጦ የሚገባ ሕዝብ ነው። መሪዎች ከመፈራረማቸው ብዙ ዘመን በፊት እኛ ተዋህደን ነበር።

ስለዚህ የመጣሁበትን ልናገር። የአገሮች ኅብረት የሚፈርሰው በቀረጥ ጠብ ነው ይባላል። እኔ ግን እላለሁ፦ ኅብረትን የሚያፈርሰው ሐሙስ ተጽፎ ዓርብ ሥራ ላይ የሚውል ደብዳቤ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ እንግዶቹ ይስሙት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኮንሶ ገበሬዎች የሰበሰብኩትን ቀይ ቦሎቄ በአይሱዙ አስጭኜ ወደ ናይሮቢ ላኩ። ፈቃዱ፣ የባንክ ሰነዱ፣ የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ፣ የስሪት አገር ማረጋገጫው አንድም አልጎደለም። የጉምሩክ ጉዳዬን የሚያስፈጽምልኝ ትራንዚተር ሰነዱን ይዞ ገባና ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። «አዲስ መመሪያ ወጥቷል» ተባለ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እተወዋለሁ። ራሴ ገብቼ ጠየቅሁ።

«መመሪያው የት አለ?»

«ገና አልደረሰንም።»

«ካልደረሳችሁ በምን ትይዙኛላችሁ?»

«በስልክ ተነግሮናል።»

ይህን የሰማ ሰው ምን ይላል? እኔ ምንም አላልኩም፤ ወጥቼ መኪናው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሾፌሩ አበሉን ይጠይቃል፣ ባለመኪናው የቆመበትን ቀን ሒሳብ ይደምራል። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሸራው አሮጌ ነበር፤ ውኃው ከጎን ገብቶ ከሥር ያሉትን ጆንያዎች አራሰ። ጆንያውን ስንገለብጥ ቦሎቄው ጎንቁሎ በክሩ መካከል ነጭ ጫፉን አውጥቷል። የኮንሶው ገበሬ ቢያየው መልሶ ይዘራው ነበር። በመጨረሻ «መመሪያው እናንተን አይመለከትም» ተብለን ተለቀቅን። እኔም ለናይሮቢው ደንበኛዬ የምሥራች ልነግረው ደወልኩ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ አልተቆጣኝም። «ከኡጋንዳ ገዛሁ፣ በቡሲያ ኬላ በኩል ገባልኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ኩንታል አልወሰደልኝም። ቀረጥ ቢጨምሩብኝ ዋጋ አስተካክዬ እሸጥ ነበር፤ ለማይታወቅ ደብዳቤ ግን ዋጋ አይወጣለትም።

ይህ የእኛ ቢሮዎች ዓመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኬንያውያን እንግዶቻችን አይቀየሙኝ፤ የሌላውን አገር ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥቀስ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ2005 የጉምሩክ ኅብረት፣ በ2010 የጋራ ገበያ አቁሟል። ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ይለፍ ተብሎ ተፈርሟል። በ2017 ግን ታንዛንያ በናማንጋ ኬላ በኩል ከኬንያ የገቡ 6,400 ጫጩቶችን ይዛ አቃጠለች። ምክንያቱ የወፍ ጉንፋን ስጋት ነው ተባለ። ጫጩት! መመለስ አይቻልም ነበር? በ2021 ደግሞ ኬንያ በተራዋ የሻጋታ መርዝ አለበት ብላ የኡጋንዳንና የታንዛንያን በቆሎ በአንድ ደብዳቤ ከለከለች። ቀናት ሳይቆዩ ክልከላው በቅድመ ሁኔታ ተነሣ፤ በእነዚያ ቀናት ኬላ ላይ ተሰልፎ የቆመውን በቆሎ ማን ከፈለው? ሩዋንዳ ከኡጋንዳ የሚያገናኛትን የጋቱናን ኬላ በ2019 ዘግታ እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ ከርቸመችው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ውል የተሳሰሩ አገሮች ናቸው!

ከዚህኛው በፊት የነበረው የፊተኛው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ከዚህም የባሰ ነበር። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ በ1967 ሲያቋቁሙት አየር መንገዱ፣ ባቡሩ፣ ወደቡ፣ ፖስታው የጋራ ነበር። ፋብሪካው ኬንያ ውስጥ በዛ፣ ሌሎቹ አኮረፉ። ኢዲ አሚን በ1971 ኡጋንዳ ላይ ሥልጣን ሲይዝ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከእርሱ ጋር አልቀመጥም አሉ። በ1977 ፈረሰ፤ የታንዛንያና የኬንያ ድንበር እስከ 1983 ተዘግቶ ቆየ። መሪዎች ሲኳረፉ አውሮፕላን ይካፈላሉ፤ ድንበር ላይ ያለ ነጋዴ ምን ይካፈላል?

ሩቅ ምን አስኬደን? ኤርትራ ከተለየች በኋላ በፈረንጆቹ እስከ 1997 በአንድ ብር ተገበያይተናል፣ በአሰብ በኩል ሸቀጣችንን አስገብተናል። የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ሲታተም ሁለቱ መንግሥታት በምን ገንዘብ እንገበያይ በሚለው ሳይስማሙ ቀሩ፤ በዓመቱ ጦርነት ሆነ። የጦርነቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ንግዱ ግን ከጥይቱ ቀድሞ ታንቋል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2011 ደግሞ የዛላምበሳ ድንበር በእልልታ ተከፈተ። ሕዝቡ ሸቀጡን ጭኖ ወዲያና ወዲህ ፈሰሰ። ወራት ሳይቆይ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ ለነጋዴው የነገረው አለ? የለም!

የፋብሪካ ባለቤቶች ስጋት እውነት ነው፤ አልክድም። ድንበሩ ወለል ብሎ ቢከፈት የኬንያ ሳሙና፣ ዘይትና ፕላስቲክ ገበያውን ሊሞላው ይችላል፤ መንግሥትም የጉምሩክ ገቢ ያጣል። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ በ1994 ኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ሲመሠረት ጀምሮ አባል ሆና፣ በ2000 ነጻ የንግድ ቀጠናው ሲጀመር ያልገባችው በዚሁ ፍርሃት ነው። አሁን የአፍሪካን አህጉራዊ ነጻ ንግድ ስምምነት አጽድቃለች፤ መልካም ነው። ግን ፋብሪካ ሲጎዳ አዲስ አበባ ላይ የሚጮህለት ማኅበር አለው። የእኔ ቦሎቄ ሲጎነቁል ማን ጮኸልኝ?

ስለ ጋራ ገንዘብም ተናገር ተብዬ ነበር። ጎረቤቶቻችን ለ2024 ቀጥረውት ሳይደርሱበት ቀርተዋል፤ እኛም እናቆየው።

ጥያቄያችን አጭር ነው። ድንበርን የሚመለከት ማናቸውም መመሪያ ከመጽናቱ 30 ቀን በፊት በኬላው በር ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛና በስዋሂሊ ይለጠፍ። መመሪያው ሲወጣ ተጭኖ በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ በቀድሞው ሕግ ይለፍ። ኬላ ይዘጋ የሚል ትእዛዝ በስልክ አይምጣ፤ ያዘዘው ሰው ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን ያስፍርበት። የአንድ ማዕከል የድንበር ኬላችን ኅዳር 2013 በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመርቋል፤ ሕንፃው አለ፣ አስፋልቱም አለ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ለማቆም በጀት ከታጣ ወጪውን እኛ ነጋዴዎች እንሸፍናለን፤ አናጢውንም እናመጣለን። ተወካዮቹ ከሻይ በኋላ መድረኩ ላይ ሲወጡ መልስ የምንጠብቀው በእነዚህ ላይ ነው።

አመሰግናለሁ።