የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ አሲድና ብርሃን ለሮዜሺያ

ጥያቄ፦ የምደውለው ከደብረ ብርሃን ነው፤ የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነው። ጉንጬና አፍንጫዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ይለበልበኛል፣ ብጉር መሳይም ይወጣብኛል። ፊትን የሚያቀላ ሮዜሺያ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው ተብሎ የአዜላይክ አሲድ ጄል ታዞልኛል። አንድ የውበት ሳሎን ደግሞ ብርሃን ቢጨመርበት ቶሎ ይለቅዎታል አለኝ። አብሬ ብጠቀማቸው ጉዳት አለው?

መልስ፦ ሁለቱ ለአንድ ሰው ሊታዘዙ ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። 15 በመቶ አዜላይክ አሲድ ያለው ጄል ብጉር መሳዩን ሽፍታ ያበርዳል፣ የሰፉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ግን አያጠፋም። እነርሱን የሚያከስመው ሌዘር ወይም አይፒኤል የሚባለው ብርሃን ነው፤ ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የሚያሳስበኝ እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ የቆዳ ቀለም የሆነው ሜላኒንም ይህንኑ ብርሃን ስለሚስብ፣ ያልተመጠነ ብርሃን ቆዳን ሊያቃጥልና ጠባሳ ሊተው መቻሉ ነው። ስለዚህ ፊትዎን ለሳሎን አይስጡ፤ ጠይም ቆዳ የማከም ልምድ ያለው የቆዳ ሐኪም በትንሽ ቦታ ሞክሮ ይጀምርልዎት።

መጀመሪያ ጄሉን ጠዋትና ማታ፣ ፊትዎን ለብ ባለ ውኃ ታጥበው ካደረቁ በኋላ በስሱ ይቀቡ፤ ሲጀምሩ ትንሽ ቢቆጠቁጥዎት አይደንግጡ። ውጤቱ የሚመዘነው ከ12 ሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ መቅላቱ ካልጠፋ ብርሃኑ ይታሰባል፤ ቆዳው እንዳይቆጣም ሐኪሙ ጄሉን ከብርሃኑ በፊትና በኋላ ለጥቂት ቀናት ያስቆምዎታል። አሚኖሌቩሊኒክ የተባለው አሲድ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ሆን ተብሎ ቆዳን ለብርሃን የሚያነቃ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚቀቡት አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው የተቀቡት የፊት ቅባት ካለ ቱቦውን ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። ስቴሮይድ (የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ቅባት ራሱ ይህን የመሰለ መቅላት ያመጣል፤ በድንገት ሲቆምም ስለሚያገረሽ የሚያቆሙበትን መንገድ ሐኪም ይምራዎት። አክንባሎውን ሲያነሡ እንፋሎቱ እንዳይመታዎት ፊትዎን ዘወር ያድርጉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ያዘናጋል እንጂ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ጥላ አይለይዎት።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው፤ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ይህን ጄል መቀባት ትችላለች?

መልስ፦ አዜላይክ አሲድ በእርግዝና ጊዜ ሐኪሞች ከሚመርጧቸው አንዱ ነው፤ ለሚከታተላት ሐኪም ነግራ ትቀባ። የብርሃኑ ሕክምና ግን አስቸኳይ ስላልሆነ ከወሊድ በኋላ ይድረስ።